ትንሿ ጨረር

ቀዩ መብራት በርቶ ሳለ ፍጹም ወደ ጨረር ክፍሉ ሲገባ ዘሐራ እንድሪስ በዓይኗ በብረቱ አየችው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ነው፤ የዓመቱ ሳል ገና መጀመሩ ነበር። አልጋው ላይ የተኙት ሴትዮ ብርድ ልብሳቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። የማሽኑ ባለሙያ ፍጹም ይህን በመስታወቱ አየና በሩን ከፍቶ ገባ። ብርድ ልብሱን አንስቶ አለበሳቸው፣ ትራሳቸውን አስተካከለ፣ አንድ ነገር ብሎ አሳቃቸውና ሳይቸኩል ወጣ። በሩ ሲከፈት ከላዩ ያለው ቀይ ቁጥር መቆም ነበረበት። አልቆመም። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ፣ ሁለት ደቂቃ ከዘጠኝ፣ ሁለት ደቂቃ ከስምንት እያለ ወደ ታች መቁጠሩን ቀጠለ።

ዘሐራ የሴትዮዋን ነጠላ እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች።

በኮምቦልቻ ቀጠና ሰባት ጨረር ቤት ልብስ ተቀባይ ሆና ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ተራቸው የደረሰ ሰዎች መጀመሪያ የሚያገኙት እሷን ነው። ኮታቸውን፣ ሀብላቸውን፣ የሻሻቸውን መርፌ ትቀበላለች፤ ሰማያዊውን ጋውን ከኋላ ታስርላቸዋለች፤ ስማቸው ሲጠራ ወደ በሩ ትመራቸዋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ቀይ መብራት እየበራ ያንን በር የተሻገረ ሰው አይታ አታውቅም። ከፍጹም በፊት የነበሩት ባለሙያ አቶ ምንይችል፣ አንድ ጥበቃ በሩን ስለተደገፈ ብቻ ግቢውን በጩኸት ያተራመሱ ሰው ናቸው።

"ፍጹም፣ መብራቱ በርቶ ገባህ እኮ" አለችው ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ።

"መቼ?"

"አሁን ነዋ!"

"ተሳስተሽ ይሆናል፣ እትዬ ዘሐራ።" ፈገግ አለላት። "በይ ቀጣዩን ጥሪልኝ።"

ጠራችለት።

ዓመቱ 2071 ነው። በኮምቦልቻ ደረቱን የማያስመታ ሰው አልነበረም። ትንሿ ጨረር መጀመሪያ የመጣችው በታላቁ ሳል ዘመን፣ የሳንባ ምች ይዟቸው ትንፋሽ ላጠራቸው ሰዎች ብቻ ነበር። ቀጥሎ ለአስታማሚዎቻቸው ተፈቀደች፤ ከዚያ ለጎረቤቶቻቸው፤ ከዚያ ፈቃድ መሆኗ ቀረና የሁሉም ግዴታ ሆነች። ጤነኛ በየሦስት ወሩ አንዴ ይመታል። የሳንባ ምች የያዘው ደግሞ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ይህን ሕዝቡ "ሦስቱ" ይለዋል። ሦስቱን ያልጨረሰ በሽተኛ ወደ ደሴ ሆስፒታል አይላክም። የተመታ ሰው እጁ ላይ ያለው አምባር አረንጓዴ ያበራል፤ ቀኑ ያለፈበት ቢጫ ይሆንበታል። ቢጫ ይዞ ባቡር መሳፈር፣ ፋብሪካ መግባት፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ማስፈጸም አይታሰብም።

ነገሩ ተለምዷል። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ "ተመታችሁ?" ይባባላሉ፤ "አልሃምዱሊላህ፣ ተመታን።" የሠርግ ጥሪ ካርድ ግርጌ ላይ "እባክዎ ተመተው ይምጡ" የሚል ይታተማል። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች ስለ ልጅቷ ጠባይ ከመጠየቃቸው በፊት አምባሯ ቢጫ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ያጣራሉ። ጨረሩ ደም ያደርቃል፣ ማህፀን ይዘጋል፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ዓመት ይጠብቃል እያሉ የሚያንሾካሹኩም አልጠፉም። እነሱም ቢሆኑ ቀናቸው ሲደርስ ይሰለፋሉ። ዘሐራ ጋውናቸውን ስታስር ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ ጣቷ ላይ ይሰማታል።

ከዚያ ቀን በኋላ ፍጹምን መከታተል ጀመረች። በወፍራሙ በር ላይ አንድ እግሩን አድርጎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሎ ይቆረጥማል። በየወሩ መጨረሻ ከሠራተኞች ደረት ላይ እየተሰበሰበ ለምርመራ ይላክ የነበረው ጨረር መለኪያ ባጅ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልሆነላትም። የሷ ባጅ ጀርባው ዝጓል።

ሌላም ነገር ነበር። በአቶ ምንይችል ጊዜ በሽተኛ አልጋው ላይ የሚቆይበት ደቂቃ ከወር ወር ይጨምር ነበር። አራት ደቂቃ ተብሎ የተጀመረው ከአምስት ዓመት በኋላ ስምንት ደረሰ፤ ተሰላፊው "እንቅልፍ ወሰደን" እያለ ያማርር ነበር። ያኔ ምክንያቱን ጠይቃቸው ነበር። "ማሽኑ ውስጥ ያለው ድንጋይ እንደኔና እንዳንቺ ያረጃል፤ ጉልበቱ በቀነሰ ቁጥር ጊዜ እንጨምርለታለን" አሏት። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ አዲስ ድንጋይ ገባ ተባለና ቁጥሩ ወደ አራት ተመለሰ። ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። ቁጥሩ ግን ዛሬም አራት ደቂቃ ነው። አንዲት ሰከንድ አልጨመረም።

ምናልባት አዲሱ ድንጋይ አያረጅ ይሆናል ብላ ልቧን ለማሳመን ሞከረች። እሷ ልብስ ተቀባይ ናት፤ ስለ ድንጋይ ምን ታውቃለች?

በመስከረም መጨረሻ ባሏ አሊጋዝ ታመመ።

አሊጋዝ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ በደረቅ ወደቡ የክሬን ሹፌር ነው። ልጆቻቸው ተድረው ወጥተው እሱና እሷ ብቻ ቀርተዋል። መጀመሪያ ቀን ጉንፋን ነው ብሎ ናቀው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ አልጋውን ያሞቅ ጀመር፤ በአምስተኛው ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ማረፍ ያዘ። ደረቱን ያዳመጠችው ነርስ "የሳንባ ምች ነው፤ ማክሰኞ ሦስቱን ይጀምራል" ብላ ጽፋ ሄደች።

አሊጋዝ ደስ አለው። በታላቁ ሳል ዘመን፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ስታዲየም ውስጥ ከሚሞቱት ጋር ተደርድሮ ነበር። አንድ የውጭ ሐኪም በመኪና የተጫነ ማሽን ይዞ መጣና መታው፤ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ሾርባ ጠጣ። ከጎኑ ተኝተው ከነበሩት ስምንት ሰዎች የዳኑት ሁለት ናቸው። ዘሐራ ያን ጊዜ አጠገቡ ነበረች፤ የሆነውን አይታለች። ስለዚህ ጨረሩን የሚያማ ሰው ሲያጋጥመው አሊጋዝ ሸሚዙን ከፍቶ ደረቱን ያሳያል። "እኔን ምን ትለኛለህ?" ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት ጋውኑን እሷው አሰረችለት። ቋጠሮውን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

"ምን ሆነሻል? ደግሞ ለአሊጋዝ ልትፈሪ ነው?" አላት እያቃሰተ።

አራት ደቂቃ ተኛ። ፍጹም በሩን ገርበብ አድርጎ ስልኩን ይነካካ ነበር። አሊጋዝ ሲወጣ "ሙቀቱ እስከ ጀርባዬ ድረስ ተሰማኝ፤ ቀለለኝ" አላት። እሷ ግን ደረጃውን ሲወርድ ትንፋሹን ትቆጥር ነበር። አልቀለለውም።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ወደ አቶ ምንይችል ቤት ሄደች። ሽማግሌው ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጓሮ ጌሾ ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ዶማቸውን አቆሙ።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም፣ ጋሼ። ባሌ ታሞብኝ ነው።"

"ሳምራዊት ናት የላከችሽ?"

ዶክተር ሳምራዊት የጨረር ቤቱ ኃላፊ ናት። ዘሐራ የሷን ስም እዚህ እሰማለሁ አላለችም ነበር።

"ወላሂ ማንም አልላከኝም። ልጁ መብራቱ በርቶ ሳለ ገባ፤ በዓይኔ አየሁት። ቁጥሩም አራት ዓመት ሙሉ አራት ነው።"

አቶ ምንይችል ዶማውን አጥሩ ላይ አስደገፉት። ቤት ገብተው አንድ እስክሪብቶ የመሰለ ነገር ይዘው ወጡ፤ በአንድ ጫፉ የሚያዩበት መስታወት አለው።

"ወደ ብርሃን አቅንተሽ እዪበት። ምን ይታይሻል?"

"ቀጭን ክር። ዜሮ ላይ ቆሟል።"

"ነገ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሸጉጪው። የእኛ ማሽን ቢነካው ክሩ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ተወርውሮ ከመስመር ይወጣል። ማንም እንዳያይሽ።" ወደ አጥሩ ማዶ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ካየሽውም በኋላ ለኔ ልትነግሪኝ እንዳትመጪ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በሰላም ልሙትበት።"

ረቡዕ ጠዋት አሊጋዝ በሰው ተደግፎ ነው የመጣው። የጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ ሆኗል። ዘሐራ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቱን እስክሪብቶ፣ ስንቱን ቁልፍ ከሰው ኪስ ስትለቅም ኖራ፣ በገዛ እጇ ብረት አስገባች። ብርድ ልብሱን አጥፋ ደረቱ ላይ አኖረችው፤ መለኪያው እጥፋቱ ውስጥ ነው። ቀዩ መብራት በራ። አራት ደቂቃው አለቀ። ብርድ ልብሱን ተቀብላ ወደ ልብስ ክፍሉ ገባችና በመስኮቱ ብርሃን አየችበት።

ክሩ ዜሮ ላይ ነበር።

ደግማ አየች። መለኪያውን አራገፈችው፣ አዟዟረችው፣ እንደገና አየች። ዜሮ።

አሊጋዝን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ፎቁን ወጣች። ዶክተር ሳምራዊት ወረቀት እየፈረመች ነበር። ዘሐራ ሳታንኳኳ ገብታ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዶክተሯ አየችው፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ተነስታ በሩን ዘጋች።

"ምንይችል ነው የሰጠሽ?"

"ከመንገድ አገኘሁት። ድንጋዩ የታለ፣ ዶክተር?"

"የለም።"

ዘሐራ ክርክር ጠብቃ ነበር። ወንበሩን ያዘች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አራት ዓመት። አሮጌው ሲወጣ አዲስ ገባ ብዬ ጻፍኩ። አልገባም።" ዶክተሯ ቁጭ አለች። "ጤነኛን ሰው በየሦስት ወሩ መምታት ይቁም ብዬ ሦስት ጊዜ ለበላይ አመልክቻለሁ። በታይሮይድና በጡት ካንሰር የሚመጡብኝ ሴቶች ዕድሜ ከዓመት ዓመት እየወረደ ነበር። ጨረሩ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም መማል አልችልም። ባቡሩ ይቆማል፣ ፋብሪካው ይቆማል፣ ሕዝቡ ይሸበራል አሉኝ። እኔም ዝም ብዬ መብራቱን ብቻ አስቀረሁላቸው።"

"በሽተኛውስ?"

ዶክተር ሳምራዊት የፈረመቻቸውን ወረቀቶች መደርደር ጀመረች።

"በሽተኛውስ?" አለች ዘሐራ እንደገና፤ አሁን አንቱታው ከአፏ ጠፋ። "የኔ ሰውዬ ታች ቁጭ ብሎ ጥፍሩ እየጠቆረ ነው። ሦስቱን ጨርስ እያልሽ ባዶ አልጋ ላይ ታስተኚዋለሽ?"

"አንድ ማሽን ነው ያለው። ለጤነኛው ባዶ፣ ለበሽተኛው ሙሉ ላደርገው አልችልም። በአራቱ ዓመት የሞተውን ከበፊቱ አራት ዓመት ጋር አስተያይቻለሁ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ቁጥሩን ላሳይሽ እችላለሁ።"

"ታዲያ ያኔ ስታዲየም ውስጥ አሊጋዝን ያዳነው ምንድን ነው?"

"አላውቅም" አለች ዶክተሯ። "ስንት ጊዜ አስቤበታለሁ። ጨረሩ ሊሆን ይችላል። የራሱ አካል ሊሆን ይችላል። አላውቅም፣ ዘሐራ።"

የምታምናት ይሁን የማታምናት ዘሐራ ለራሷም አልገባትም። እስከዚያች ቀን ድረስ ስትፈራ የኖረችው ጨረሩ እንዳይበዛ ነበር።

"ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ዛሬ ደሴ ላኪው።"

"ሦስተኛው ሳይመዘገብ ኮምፒውተሩ ሪፈር አያወጣም።"

"ባዶ ከሆነ ሁለት ጊዜ ቢተኛ ምን ይለዋል? አሁኑኑ ሦስተኛውን አስተኚው።"

 ዶክተር ሳምራዊት ስልኩን አንስታ ለፍጹም ደወለች።

አሊጋዝ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መመታቱን እንደ ትልቅ ክብር ቆጠረው። እየተንጠራወዘ ተኛ፤ ቀዩ መብራት በራለት። ፍጹም ከዘሐራ ጋር ላለመተያየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "አንተም ታውቅ ነበር" አለችው። "ማንም አልጠየቀኝማ" አላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አምቡላንሱ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት እየወጣ ነበር። አሊጋዝ ደሴ ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ አሥራ ሰባት ቀን ቆየ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከሥቶ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ እየዞረ፣ በእግሩ ቆሞ ወጣ።

ዶክተር ሳምራዊት አንድ ነገር ለወጠች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሳንባ ምች ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ ሦስቱን በአንድ ጠዋት ጨርሶ ወደ ደሴ እንዲላክ አዘዘች። ዘሐራን ዝም እንድትል ለመነቻት። ዘሐራ እሺም እምቢም አላለች። ሰው እየዳነ ነው፤ ጤነኛውም በከንቱ አይመታም። ምናልባት ይሄ ይሻል ይሆናል እያለች ጋውን ታስር ነበር። ለአሊጋዝም አልነገረችውም።

ይህን ያበላሸው ራሱ አሊጋዝ ነው።

ከሆስፒታል እንደወጣ በየደረሰበት፣ በወደቡ፣ በመስጊዱ ደጅ፣ በለቅሶ ቤት፣ ታሪኩን ማውራት ያዘ። "ደራርበው መቱኝ! በአንድ ቀን ሁለቴ! ደሴ የወሰዱኝ እንዲያው ለማረፍ ነው፤ የዳንኩትስ እዚሁ ነው።" ሰዎች ሰሙት። ደረቱን ከፍቶ ሲያሳይ ማን ይከራከረዋል? ኅዳር ሲገባ በሽተኞች ሦስቱን በአንድ ጠዋት እየጨረሱ አምቡላንሱን አንሳፈርም ማለት ጀመሩ። ተፈውሰናል፣ ደሴ ለምን እንንገላታለን እያሉ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱ ቤታቸው ሞቱ። ዘሐራ አራቱንም ጋውን ያሰረችላቸው እሷ ናት።

በኅዳር ሦስተኛው ሰኞ ይማም የሚባል የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ እናቱን ታቅፎ መጣ። እናቲቱ ወይዘሮ ፋጤ ይባላሉ፤ ላባ ያህል ነው የሚመዝኑት። ሦስቱን ጨርሰው ሲወጡ ከንፈራቸው ጠቁሮ የበሰለ እንጆሪ መስሎ ነበር። ዘሐራ አምቡላንሱ በር ላይ መሆኑን ነገረችው።

"የለም፣ እትዬ። ቤት ወስጄ ላሳርፋቸው" አለ ይማም። "እንደ አያ አሊጋዝ ተደራርቦላቸዋል። ይበቃቸዋል።"

"ይማም፣ ከንፈራቸውን እየው እስቲ።"

"ጨረሩ እስኪሠራ ነው። አያ አሊጋዝም መጀመሪያ እንዲያ ነበርኩ ብሎኛል።"

ዘሐራ ዙሪያዋን አየች። አዳራሹ ውስጥ ሰባ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልጮኸም፤ ግን ሁሉም ሰማት።

"ጨረር የለም" አለች። "ማሽኑ ባዶ ነው። አራት ዓመቱ። አሊጋዝን ያዳነው ኦክስጅን ነው፤ እኔ ሚስቱ ነኝ፣ አጠገቡ ነበርኩ። እናትህን ደሴ ውሰዳቸው።"

 ሩጫም ጩኸትም የለም። ከፊት የቆሙ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ "እኔስ ጠርጥሬ ነበር" አሉ፤ ግን ከተራቸው አልተንቀሳቀሱም። ከኋላቸው ያለች ወጣት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አልሃምዱሊላህ! ሲያቃጥለኝ የኖረ መስሎኝ እኮ ነው፤ እርጉዝ ነኝ" ብላ ማልቀስ ጀመረች። አንድ የፋብሪካ ልብስ የለበሰ ሰው ግን በቁጣ "ባዶም ይሁን ሙሉ አምባሬን አረንጓዴ አድርጉልኝ፤ ፈረቃ ረፍዶብኛል" አለ። ሌሎችም "እውነቱን ነው፤ ይቀጥል" አሉ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።

ከሰልፉ የወጣ ይማም ብቻ ነው። እናቱን አንስቶ ወደ አምቡላንሱ ሮጠ።

ማታ አሊጋዝ ወሬውን ሰምቶ ገባ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"ውሸት ነው በይኝ።"

"እውነት ነው።"

"የተሰማኝ ሙቀትስ?"

"እኔ እንጃ፣ አሊጋዝ። ትኩሳት ነበረህ።"

"የስታዲየሙስ? ያኔም ባዶ ነበር ልትይኝ ነው?"

"ያኔ ሙሉ ነበር። ያኔ ምን እንዳዳነህ ዶክተሯም አታውቅም።"

ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሁለት ቀን አላናገራትም።

በሦስተኛው ቀን ከክልል የመጡ መኪኖች ጨረር ቤቱን ከበቡ። ዶክተር ሳምራዊት በመሃላቸው ስትወጣ ሠራተኛው ሁሉ በመስኮት አያት፤ ነጩ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። በሳምንቱ ደግሞ አዲሱን ድንጋይ የያዘ፣ በአራት ጎማ ላይ የሚሄድ ከባድ የብረት ሣጥን መጣ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዘሐራ ቆማ አነበበችው። "ከአንዲት ንቁ ዜጋ በደረሰ ጥቆማ መሠረት የቀጠና ሰባት አገልግሎት በሙሉ ኃይሉ ተመልሷል። ባለፉት አራት ዓመታት የተጓደለውን ለማካካስ ማንኛውም ነዋሪ እስከ ሰኔ ድረስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመታል። ነፍሰ ጡሮችንም ይጨምራል።"

ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ለእሷ የመጡት ወረቀቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የምስጋና ምስክር ወረቀት ነው፤ አሊጋዝ ሳሎን ሊሰቅለው ፈለገ፣ ከለከለችው። ሁለተኛው ከፍርድ ቤት የመጣ መጥሪያ ነው። በዶክተር ሳምራዊት ላይ በተመሠረተው ክስ አንደኛዋ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ዘሐራ እንድሪስ ይላል። ችሎቱ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት፣ ደሴ።

ከዚያ በኋላ ይማም ቤቷ መጣ። እናቱ በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። ሊወቅሳት የመጣ መስሏት ነበር። "ቀደም ብዬ ወስጃቸው ቢሆን ይተርፉ ነበር?" ብሎ ብቻ ጠየቃት። ሲሄድ ግን ከበሩ ላይ ዞር ብሎ "ያቺን ሴትዮ አንጠልጥሏት በይልኝ" አላት።

ዘሐራ ዶክተሯን ይቅር አላለቻትም። ጋውን ያሰረችላቸውን አራቱን ሰዎች በስማቸው ታስታውሳቸዋለች። ግን ደግሞ ያቺ ነፍሰ ጡር ሴት እፎይ ስትል የነበረው ፊቷ ከዓይኗ አልጠፋም። ጤነኛውን አትምቱ፣ በሽተኛውን ቶሎ ደሴ አድርሱ፤ ለመናገር የፈለገችው ይህንን ብቻ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ አስጠርቶ ያስጠናት ግን ይህን አይደለም። "ድንጋዩ የለም አለችኝ በይ፤ በዚህ ይብቃሽ፤ ስለ ካንሰር ያለችውን አትጨምሪ" ነው ያላት። ተከላካይ ጠበቃውን ፈልጋ በስልክ አገኘችው። "ሁሉንም ልናገር እፈልጋለሁ" አለችው። ጠበቃው "አምባርሽ ምን ያሳያል?" ብሎ ጠየቃት።

ቢጫ ነበር። ማስታወቂያውን ካነበበችበት ቀን ጀምሮ ሥራዋን ትታለች፤ አልተመታችምም፤ አልመታም ብላ ለራሷ ምላ ነበር። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ቢጫ አያስገባም። ያላስገባው ምስክር እንደቀረ ይቆጠራል።

ሁለት ቀን አሰበችበት። ታኅሣሥ አሥራ አንድ ጠዋት ቀጠና ሰባት ሄዳ እንደማንኛውም ሰው ተሰለፈች። አዲሷ ልብስ ተቀባይ አላወቀቻትም፤ የቀለበቷን ጣት በቅባት አሽታ ቀለበቷን አወጣችላት። ፍጹም ግን አወቃት። አልጋው ላይ ስትተኛ በጆሮዋ አጎንብሶ "እትዬ፣ አሁን እውነተኛ ነው እኮ። ይቅርብሽ" አላት።

"አውቃለሁ" አለችው። "እኔ ነኝ ያስመጣሁት። ቶሎ በል።"

ሮጦ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ግድግዳው ነዘረ። ዘሐራ ጣራውን እያየች ተኛች። ሙቀት የለም፣ ድምፅ የለም፣ ምንም የለም። ዓይኗን ጨፍና ስለ ራሷ ደረት ላለማሰብ፣ ነገ የምትናገረውን ከመጀመሪያው ጀምራ በልቧ አለችው።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ ነበረች። አሊጋዝ ሳትጠይቀው ተከትሏት መጥቶ ነበር፤ ቦርሳዋን ይዞላት ቆመ። ጥበቃው አምባሯን አስነካት፤ አረንጓዴ በራ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ጸሐፊ ስሟን ከዝርዝሩ ፈልጎ አገኘውና ሳያያት፣

"የዐቃቤ ሕግ ምስክር፣ በቀኝ በኩል ግቢ" አላት።

"ተሳስቷል" አለች ዘሐራ። "በተከሳሿ በኩል ጻፈኝ።"